ሁለት ጣት ጎደለ

ልጄ አንድ ቀን እንኳ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሳላይ የፉትቦሉ ወቅት ሊያልቅብኝ ነበር። ፉትቦል ስል በእጅ የሚያዘውን፣ የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው። የሚማረው እዚህ አሜሪካ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብሎ ባለ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ለልጄ የመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ቡድኑም ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙንም ተሸንፏል። እንደዚህ በሚሸነፍ ቡድን ውስጥ ተቀያሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የተቀያሪ አባት ያውቀዋል። ሌሎቹ ጭቃ ለብሰው ሲወጡ የኔው ልጅ ነጭ ሱሪ ለጥምቀት የወጣ ነጠላ ይመስል ነበር።

እኔ ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ሜዳው ዳር ሥራ አላጣሁም። አሰልጣኙ ወላጆችን ሰብስቦ የርቀት መለኪያውን ሰንሰለት የሚይዝ ፈቃደኛ ሲጠይቅ፣ ሳይጨርስ እጄን አወጣሁ። አገር ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የመሬት ቀያሽ ነበርኩ። አርሊንግተን የመኪና ማቆሚያ ሱፐርቫይዘር ከሆንኩ ወዲህ ግን ምንም ነገር ለክቼ አላውቅም።

ሥራው ቀላል ነው። አንድ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ከቻለ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፣ ካልቻለ ኳሷን ያስረክባል። አሥሩ ያርድ የሚለካው ጫፍና ጫፉ ላይ ዘንግ በታሰረበት ሰንሰለት ነው። የኋላውን ዘንግ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ይይዛሉ፤ የፊቱን እኔ። አገር ቤት የሜትሩን ጫፍ የሚይዙልኝ ሁለት ሰዎች ነበሩኝ፤ እዚህ ጫፍ ያዡ እኔው ሆንኩ። ይሁን፣ ሥራ ሥራ ነው።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ዳኛው ኳሷ የት እንደቆመች በዓይኑ ገምቶ ያስቀምጣታል፤ ከዚያ እኛን ጠርቶ ሽርፍራፊዋን ያስለካናል። ጎመኑን በእፍኝ ገምቶ ጨውን በሚዛን እንደመመዘን ነው። በሦስተኛው ሳምንት አላስችል ብሎኝ ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ሰር፣ ኢትስ ጀስት ፉትቦል" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ።

በመጨረሻው ጨዋታ ዋናው ሯጭ ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ልጄ ገባ። ሁለቴ ወደቀ፤ ሱሪውን ጭቃ ነካው፤ ተመስገን አልኩ። ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀረም። የሚመሩን በአራት ነጥብ ብቻ ነው፤ እነሱ ግብ ደጃፍ ደርሰናል። የመጨረሻው ሙከራ ነው፤ አሥሩም ያርድ አልተነካም። ኳሷን ለልጄ ወረወሩለት። ያዛት! አንዱን አለፈ፣ ሌላውን እየጎተተ ሄደ፣ ሦስት ሰው ተከመረበትና ከእኔ ዘንግ ትይዩ ወደቀ። "ሞላ! ሞላ!" ብዬ ጮህኩ። ሰንሰለት ያዥ መጮህ አይፈቀድለትም።

ዳኛው ሰንሰለቱን ወደ ሜዳው አስገባን። ልጄ ከኳሷ አጠገብ ተንበርክኮ ይጠብቃል። ሽማግሌው የኋላውን ዘንግ አቆሙ፤ እኔ ሰንሰለቱን ወጥሬ የፊቱን ተከልኩ። የኳሷ አፍንጫ ዘንጉን ነክቷል። ዳኛው ቀና ብሎ፣ ሞልቷል ሲል እጁን ሊያነሳልን ሲል ዓይኔ ሰንሰለቱ ላይ አረፈ። መሃል ላይ አንድ ቀለበት ተጣምሞ ተቆልፏል። የተቆለፈ ሰንሰለት ደግሞ ያጥራል። ዳኛው አላየም፣ ሽማግሌውም አላዩም። ዝም ማለት እችል ነበር።

"ዌይት!" አልኩ።

ጽድቅ ፈልጌ አይደለም። እንደ ማስነጠስ ነው ያመለጠኝ። ጎንበስ ብዬ ቀለበቱን ፈታሁት፣ ሰንሰለቱ ተዘረጋ፣ ዘንጉን ወደፊት ወሰድኩት። በዘንጉና በኳሷ መካከል ሁለት ጣቴ ገባ። ዳኛው ኳሷን ለሌላው ቡድን ሰጠ፤ አሥረኛውንም ተሸነፍን።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ልጄ የፊቱን ወንበር ትቶ ከኋላ ተቀመጠ። ቤልትዌይ የሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ሚስቴ ደወለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ አንድም ጨዋታ አላየችም። ስፒከር ላይ አደረግኳት።

"እሺ፣ እንዴት ሆናችሁ?"

"ተሸነፍን። እሱ ግን ገብቶ ተጫወተ፤ ጎበዝ ነበር። ሁለት ጣት ብቻ ጎደለው።"

"ማን ለክቶ?"

"እኔ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለገዛ ልጅህ ሁለት ጣት ነፈግከው?"

"ሰንሰለቱ ተቆልፎ ነበር እኮ፤ ስፈታው ነው—"

"ማን ፍታ አለህ?"

ልጄን ሳቅ አመለጠው። የታረቅን መስሎኝ ደስ አለኝ። እናቱ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "አባዬ፣ አይ ሶው ኢት" አለኝ።

"ምኑን?"

"ሰንሰለቱን። ካንተ በፊት ነው ያየሁት። ከዛ ያንተን ፌስ ነበር የማየው። እንዳታየው ፕሬይ እያደረግኩ ነበር።"

ሁሉም ኳሷን ሲያይ እሱ እኔን ሲያይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰንሰለቱን። ከአውራ ጎዳናው ወደ ቤት የምንወጣበትን መውጫ ሳላየው አለፍኩት። እሱም አየና ዝም አለኝ።