በግድግዳ የወጣ ጭስ

እኔ ጠርጣራ ነኝ፤ አልዋሽም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። መጠርጠር ምን ያህል እንደሚያም ያወቅሁት ግን እዚህ ስደት አገር፣ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር በገዛነው አሮጌ ቤት ውስጥ፣ የባለቤቴ እናት አብረውን መኖር በጀመሩበት ክረምት ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ከጡብ ጭስ ማውጫ ሥር የተገጠመ የጋዝ ምድጃ ነበረ። እማማ ብርድ አይችሉም፤ ጠዋት እሱ ፊት ከተቀመጡ እስኪመሽ አይነሱም። ንፋስማ ጠላታቸው ነው። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ፣ የበሩን ሥር በፎጣ ወተፉት። ግድግዳው ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ እንኳ አልማሯትም፤ በአሮጌ ነጠላቸው ደፈኗት። እኔም «ደግ አደረጉ» አልኩ። ንፋስ የማይፈራ ሐበሻ አለ እንዴ!

ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን ያማቸው፣ ያቅለሸልሻቸው ጀመር። «ምች ነው» አሉ፤ ዳማከሴ አስመጥተን አጠጣናቸው። ወይ ፍንክች! የሚገርመው፣ ሬንተን ከተማ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄደው ሲሰነብቱ ድነው ይስቃሉ። እኔ ቤት ሲመለሱ ያው በሽታ።

ታዲያ ሰው ምን ይበል? ልጃቸው ደወለችና «እማዬ አንቺ ጋ ምንድን ነው የምትበላው?» አለችኝ። አጠያየቋ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ እማማ ምግብ ባቀረብኩ ቁጥር «እስቲ ቅመሽልኝ» ይላሉ። አገር ቤት ጠላ የሚቀዳው ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት? እንደዚያ፤ በገዛ ቤቴ! እየቀመስኩ ደሜ ይፈላል፤ ባለቤቴ አንገቱን ይደፋል። እኔም በተራዬ «ከባሌ ሊያፋቱኝ ነው ታመምኩ የሚሉት» ብዬ ጠረጠርኳቸው።

አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀረሁና አብሬያቸው እሳቱ ፊት ዋልኩ። ምሳ ልጃቸው ከሬንተን የላከችውን በላን። ከሰዓት በኋላ ራሴን ይፈልጠኝ፣ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ዞር ብዬ ሳይ እማማ አንገታቸው ወድቋል። እንዴ! እሺ፣ እኔንስ ማን መርዝ አበላኝ? ዓይኔ ምድጃው ላይ አረፈ። ሰማያዊ የነበረው ነበልባል ቢጫ ሆኗል፣ ጡቡ ጥላሸት ለብሷል።

ተንገዳግጄ መስኮቱን በረገድኩት። «ንፋስ! ልትገድለኝ ነው!» ብለው እማማ ባነው ጮኹ። በብብታቸው ይዤ እየጎተትኩ በረንዳ ላይ አወጣኋቸውና ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ ናይን ዋን ዋን፣ ኮል አደረግኩ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው አየሩን በመሣሪያ ለኩና ጋዙን ዘጉት። ሽታ የሌለው የጭስ መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቤቱን ሞልቶት ነበር። አንደኛው «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አትተርፉም ነበር» አለ።

በኋላ የመጣው ባለሙያ ጭስ ማውጫው ውስጡ ተሰነጣጥቆ በወደቀ ጡብ መታፈኑን አሳየን። ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ እኛ ይመለሳል፤ አየር ማስገቢያውን ደግሞ እኛው ደፍነነዋል። ሁለት ምርጫ ሰጠን፦ ወይ በጡቡ ውስጥ ከላይ እስከ ታች አዲስ የብረት ቱቦ ማውረድ፣ ወይ ጭስ ማውጫውን ትቶ በመስታወት የታሸገ ምድጃ መግጠም። የታሸገው አየሩን ከውጭ ይስባል፣ ጭሱን በግድግዳ በሚያልፍ ቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል። እኔ መች አምኜ! ሌላ ሰው ጠርቼ አሳየሁ፤ ያንኑ አለ። የታሸገውን አስገጠምን።

እማማ «ጭስ በግድግዳ? አታሞኙኝ!» ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ዝናቡ እያካፋባቸው እጃቸውን ከቱቦው አፍ ፊት ዘርግተው ሙቀቱ እስኪነካቸው ቆሙ። ከዚያ ገብተው እሳቱ ፊት ተቀመጡ።

ሾርባ አቀረብኩላቸው። ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበር፤ ሳይጠይቁኝ ማንኪያውን አንስቼ ልቀምስ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተዪው ልጄ» አሉ፤ «ይቀዘቅዝብኛል።»