ያልተወለወለው መስቀል

ቄሰ ገበዝ ወልደ ጻድቅ ሚስታቸው ገበያነሽ በወሊድ ከሞተችባቸው ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቤታቸው ሆነ። ቄስ ናቸውና ሌላ ማግባት አይችሉም። ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የጊዮርጊስ ደብር ከካህናቱ ሁሉ ቀድመው ዕቃ ቤቱን የሚከፍቱት፣ ከሁሉም በኋላ ቆልፈው የሚወጡት እሳቸው ነበሩ። ልባቸው ያረፈው በመጾር መስቀሉ ላይ ነው፤ በረጅም እንጨት ላይ ተሰክቶ ታቦቱን የሚቀድም፣ ዘመኑ የማይታወቅ የነሐስ መስቀል።

የጥምቀት ሰሞን ከቆላ ሎሚ ያስመጣሉ። አመድ በወንፊት ነፍተው፣ ሎሚውን ጨምቀው፣ መስቀሉን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ክንዳቸው እስኪዝል ያሹታል። በከተራ ፀሐይ ሲያርፍበት ሴቶቹ እልል ይላሉ። «አቤት የወልደ ጻድቅ እጅ!» ሲባል እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ያልፋሉ፤ ደስ እያላቸው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ገብረየሱስ የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ ፈቃድ ይዞ መጣ። የጥንት ዕቃ እየመረጠ ወስዶ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት የሚያኖር ነው። መስቀሉን አገላብጦ አየና ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

«አባቴ፣ ይህን ማን ነው እንዲህ ያሸው?»

«እኔ ነኝ ልጄ፤ ከዲቁናዬ ጀምሮ» አሉ ኮራ ብለው።

ወጣቱ ጣታቸውን ይዞ የመስቀሉ እግር ላይ አሳረፈው። «እዚህ ጽሕፈት ነበረ። ያሠራችው ሴት በጸሎት እንድትታሰብ ስሟን አስቀርጻ ነበር።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ወለተ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ልሙጥ ነው። ወለተ ማርያም ትሁን ወለተ ሥላሴ፣ የሚያውቅ የለም። በልጅነታቸው ያ ቦታ ጣታቸውን ይሻክራቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። እድፍ መስሏቸው ከሌላው ይበልጥ አጥብቀው ያሹት ነበር።

«እዚህ ከቆየ የቀረውም ይጠፋል፤ ልውሰደው» አለ ወጣቱ።

«እዚያ ማን ይሳለመዋል?»

«ያዩታል እንጂ አይሳለሙትም።»

ወልደ ጻድቅ መስቀሉን ከወጣቱ እጅ ተቀበሉ። «ስሟን እኔ አጠፋሁባት። መስቀሏን የሚሳለም ሰው ደግሞ አላሳጣትም። ተውልኝ፤ ከእንግዲህ አመድ አይነካውም።»

«ተመልሼ አያለሁ።»

«እይ። አብርቶ ካገኘኸው ያንተ ነው።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሙታን ስም ሲያነሡ «ወለተ» ይሉና ትንሽ ይቆያሉ። ዲያቆናቱ እርጅና ነው ብለው አለፉት።

ጥምቀት ደረሰ። መስቀሉ በዲያቆን እጅ ጠቋቁሮ ሲወጣ እልልታው ሳሳ። በአፏ የታወቀችው አልጣሽ ከሴቶቹ መካከል ጮኸች፤

«አባ! ዘንድሮስ ክንድዎን ምን ነካው? ጊዮርጊስን ከል አለበሱት እኮ!»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም፤ መስቀሉን አይተው «ነውር ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የወልደ ጻድቅ ጆሯቸው ጋለ። አንዲት ቃል ተናግረው ራሳቸውን ነጻ ማውጣት ይችሉ ነበር፤ ግን ስሟ የጠፋው ያቺ ሴት አንድም ቀን ስለ ራሷ መናገር እንዳልቻለች አሰቡ።

«ክንዴ ደህና ነው፣ ልጄ» አሉ። «የበደለው እስከ ዛሬ ሲያሽ ነው።»

አልጣሽ ነገሩ አልገባትም። ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበችና መስቀሉን ተሳለመች። እሳቸውም ባረኳትና ጥቁሩን መስቀል ተከትለው ወደ ወንዙ ወረዱ።