የአንጌል ጉንጭ

በዳኑቤ ወንዝ ዳር ካሉት መንደሮች ሁሉ እንደ ቮይካ ሙታንን ጠንቅቆ የሚያውቅ አልነበረም። ማን ተቀብሮ እንደሚያርፍ፣ ማን ደግሞ ስትሪጎይ ሆኖ ከመቃብር እየተነሣ የዘመዶቹን ደም እንደሚመጥ አስከሬኑን አይታ ትናገራለች። ለቅሶ ቤት ድመት በሬሳው ላይ እንዳይዘል ተቀምጣ የምትጠብቀው እሷ ነች፤ ሙታን ይዞሩበታል በሚባለው በቅዱስ እንድርያስ ዋዜማ የየቤቱን በር በነጭ ሽንኩርት የምትቀባውም እሷው። ቄሱ በስብከት ይነቅፏታል፣ ሚስታቸው ግን በጓሮ በኩል ታስጠራታለች። ቮይካም ይህን ለሁሉም ትናገራለች፤ ምላሷ ምሥጢር አይቋጥርም።

ባሏ አንጌል ግን ይስቅባት ነበር።

«እኔ ስሞትማ ስትሪጎይ መሆኔ አይቀርም» ይላታል። «በሕይወቴ ፈርተሽኝ ስለማታውቂ፣ ያኔ እንኳ ትፈሪኛለሽ።»

«አፍህን ዝጋ! ሰይጣን ይሰማሃል» ትላለች፤ እያማተበች እሷም ትስቃለች።

የሚኖሩት ልጃቸው ማሪን በሠራው አዲስ ቤት ነው፤ ጣሪያው የሸክላ፣ መስኮቱ መስታወት፣ ንፋስ የሚባል የማያስገባ ቤት። ማሪን በጎቹን ይዞ ወደ ክረምት ግጦሽ ሲወርድ ሚስቱን ስታንካንና ልጁን ኢሊንካን ለእናትና አባቱ ትቶ ይሄዳል። በዚያ ዓመትም እንደዚያው ሆነ። የእንድርያስ ዋዜማ ሲደርስ ቮይካ የጎረቤቱን ቤት ሁሉ ጨርሳ ወደራሷ ተመለሰች። በሩን፣ መስኮቱን፣ ጭስ መውጫውን፣ ሙት ሊገባበት የሚችለውን ቀዳዳ ሁሉ እናቷ እንዳስተማረቻት ዘጋች። ከዚያ ልጃገረዶቹ ሌሊቱን በጭፈራ ነጭ ሽንኩርት ወደሚጠብቁበት ቤት ሄደች፤ ያለ አንዲት አሮጊት አይሆንምና።

ጠዋት ስትመለስ አንጌልን ምድጃው ካለበት ክፍል፣ አልጋው ላይ ሞቶ አገኘችው። ማታ ደኅና ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን ጉንጩ ነው። ከሠርግ እንደተመለሰ ሰው ቀልቶ ነበር። ለቀስተኛው አየውና ተያየ። ቮይካም አየች፤ በሌላ ሰው ሬሳ ላይ ቢሆን ወዲያው «ይሄ ስትሪጎይ ነው» የምትለውን ነገር ዋጥ አደረገችው።

ከቀብሩ በኋላ ብርዱ ሲጠና ስታንካና ኢሊንካ ወደ ሙቁ ክፍል ገቡ። ቮይካ ለመጠበቅ ብላ ከደጅ በኩል፣ ምድጃ ከሌለው ከብርዱ ክፍል ወለል ላይ ትተኛለች። ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ ጠዋት ጠዋት እያስመለሳት፣ ጭንቅላቴን እያለች መነሣት አቃታት። ስታንካም እግሯ እየከዳት ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች።

«እማማ፣ ማታ ማታ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ይቀመጣል» አለች ስታንካ። «አልዋሽዎትም፣ እሳቸው ናቸው።»

ቮይካ ግራ ገባት። አንጌል ልጅቱን በጀርባው አዝሎ የሚውል፣ እሷ ካልቀመሰች እህል የማይቀምስ ሰው ነበር። እንዴት በእሷ ይጀምራል? ሞት እንዲህ ልብ ይገለብጣል? ምሽት ሲመጣ ቀዳዳውን ሁሉ ከትናንት አጥብቃ ትዘጋለች፤ ልጅቱ ከትናንት ብሳ ታድራለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሷ ግን የምትፈራውን እንጂ የምትጠላውን አታውቅም ነበር። ባሏን ትወደው ነበር፤ አሁንም ትወደዋለች፤ በየማታው በሩን የምትዘጋውም በእሱ ላይ ነው።

መቃብር ቆፋሪው ፓውን ቆቡን እያሻሸ መጣ።

«እማማ ቮይካ፣ ነገሩን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ቅዳሜ መቃብሩን እንክፈት፤ ልቡን አውጥተን እናቃጥለው። አመዱን ልጅቱ በውሃ ትጠጣለች፣ ትድናለች። ያለ ሚስቱ ቃል ግን አካፋዬን አላነሣም።»

«ለሌላው ሰው ስትቆፍር ቆሜ አዝዤሃለሁ» አለች። «የአንጌል ሲሆን ግን አፌ እሺ አላለኝም። እስከ ቅዳሜ ተወኝ።»

ወሬው ቄሱ ጆሮ ደረሰ። ቄሱ ደግሞ ወደ ከተማ ላኩና መርማሪ ቱዶሴ መጣ፤ ቀጭን፣ ጥርጣሬው ከዕድሜው የሚበልጥ ሰው። ጤነኛ ሽማግሌ በአንድ ሌሊት ሞተ፣ ፊቱ ቀላ፣ አሁን ደግሞ ሊቆፍሩት ነው ሲባል ለእሱ ነገሩ አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ መርዝ።

«የመጨረሻውን ራት ማን ሠራ?»

«እኔ» አለች ስታንካ። «የበቆሎ ገንፎ።»

«ከሟቹ አማትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ከእሳቸው ጋር ያልተጣላ ማን አለ? በቀልድ ሰው ያናድዱ ነበር!» ብላ አለቀሰች።

ቮይካ ገንፎ ብታቀርብለት እጁን አወዛወዘ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። የራሴን ዳቦና አይብ ይዣለሁ።»

«ልጄ፣ የሚበላን ከደጅ ነው የሚመጣው፣ ከድስት አይደለም።»

«እንግዲያው እኔ ምድጃው ካለበት ክፍል አድራለሁ፤ እናንተ ሁላችሁ እዚህ ተኙ። ከመጣ አስረዋለሁ።»

«እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰንሰለትህን አሙቅለት» አለችው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ እንኳ ምላሷ አልተኛም።

በማግስቱ ማለዳ መርማሪው ግድግዳ ይዞ ወጣ፤ አጥሩን ተደግፎ አስመለሰ። ፊቱ ቀልቷል። ኢሊንካ ደግሞ፣ ለወትሮ ከእንቅልፏ የማትነሣው ልጅ፣ ከብርዱ ክፍል ወጥታ ዳቦ ስጪኝ አለች።

ቮይካ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ መርማሪውን አየች።

«መጣብህ?»

«ማንም አልመጣም። ግን ጭንቅላቴ… የናንተን ምግብም አልነካሁም።»

«ባዳ ነህ» አለች። «ዘመዳችን አይደለህም?»

«ከየት አምጥቼ?»

«ስትሪጎይ ባዳ አይነካም። ከዘመድ ነው የሚጀምረው። ይህን ልጅ ሁሉ ያውቃል።» ለእሱ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው። ዕድሜ ልኳን የምታውቀው ሕግ ፈረሰባት፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ግን ገና አላየችም።

እንደ ልማዷ ምድጃው ሳይነድ ጭስ መውጫውን ልትከፍት መሰላሉን አስደገፈችና ወጣች። ምሽት ላይ እሳቱ ፍም ብቻ ሲቀር የምትደፍንበትን፣ ገለባና ነጭ ሽንኩርት የታጨቀውን ጆንያ ስባ ነቀለች። ከውስጥ የወጣው ትኩስ ትንፋሽ ፊቷን መታት። ራሷ ዞረ፣ ዓይኗ ጨለመ። መሰላሉን አቅፋ ቀረች።

«እማማ!» አለ መርማሪው ከታች። «ምንድነው የያዙት?»

«እንዳይገባ ነው።»

«በየማታው ነው የሚደፍኑት?»

«በየማታው። ከእንድርያስ ዋዜማ ጀምሮ።»

መርማሪው ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷም ወረደች፤ ጆንያውን ግን አልለቀቀችም።

«እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለች። «የእናቴ ቤት ግን የሣር ክዳን ነበር… ንፋሱ በየቀዳዳው ይገባ ነበር… ጭሱም በየቀዳዳው ይወጣ ነበር…» ከዚያ ዓይኗን ንፋስ ወደማያስገባው፣ የፍሙንም ጭስ ወደማያስወጣው አዲስ ቤት አነሣች።

ቅዳሜ ነበርና ፓውን አካፋውን ተሸክሞ መጣ።

«እህስ፣ ቃልዎን ልቀበል?»

«አንጌልን ተወው። ማንንም አልበላም።»

«ታዲያ ማን በላቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እሱንም የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ፓውን የኀዘን ለፈፋ መስሎት ሊያጽናናት ሲል የመርማሪውን ፊት አየና ቆቡን አወለቀ። ቮይካ ሁለት እጇን አጣምራ ለመርማሪው ዘረጋችለት። እሱ ግን እጆቿን ይዞ ወደ ታች መለሰላት።

«ሳያውቁ ያደረጉት ነው፣ እማማ። በዚህ ሰው አላስርም።»

ብታሰር ይሻላት ነበር። ያዘነችለት ባሏ፣ የፈራችው ባሏ፣ ልቡን ልታስወጣው የነበረው ባሏ አንድ ሰው መሆኑን አእምሮዋ ሊይዝላት አልቻለም። ቀኑን ሙሉ በእጇ የጀመረችውን ሥራ እየረሳች ስትንከራተት ዋለች።

ሲመሽ ምድጃው ነደደ፤ ጢሱም ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ ወጣ። ኢሊንካ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ አያቷን ጠበቀቻት፤ አያቷ ከምድጃው አጠገብ አልተነሣችም።

«እማማ፣ ጭስ መውጫውን አልዘጋሽውም።»

«አልዘጋውም።»

«አባባ አንጌል ይመጣል እኮ!»

ቮይካ ወደ ተከፈተው ምድጃ ዞራ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ለመከልከል ስትጥር የኖረችውን ነገር ያን ምሽት ከልቧ ተመኘችው።

«ይምጣ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ምነው በመጣልኝ።»