ጸበል የነካው ኮምፒውተር

በ2016 ዓ.ም. በጋ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የንስሐ አባታችን ቤታችንን ጸበል ሊረጩልን ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ዘንዘልማ ድረስ መጡ። ያን ቀን ጠዋት አቧራ ላራግፍ ብዬ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን ፈትቼ ነበር። አልመለስሁትም። እሳቸው ጸሎቱን እያደረሱ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞሩ ከኋላቸው እየተከተልሁ «እዚህም አባቴ» አልሁና ኮምፒውተሩ ያለበትን ጠረጴዛ አሳየኋቸው። ኮምፒውተሩ በርቶ ነበር። ጸበሉ ሲረጭበት አንድ ጊዜ ጠቅ አለና ጠፋ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ጸበሉ ለበረከት መጣ፤ ክዳኑን ከፍቼ የተውሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሳቀ ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ የባለቤቴ ድምፅ ነበረ። ባለቤቴ የድጓ መምህር ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል። እዚያው ሐይቁ ዳር ስንኖር፣ የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሳቸው ድምፅ ቀረጹት። ከዚያ ጉሮሯቸው ታመመ፣ ሐኪሞች ቀደዷቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፣ ተመስገን። ድምፃቸው ግን አልተረፈም። አሁን የሚሉትን በደብተር ይጽፋሉ። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ቀረጻውን እከፍትላቸዋለሁ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ከራሳቸው ድምፅ ጋር ይቆማሉ። ሌላ ቦታ አልገለበጥሁትም። ገልብጪው ብላ ልጃችን ስንት ጊዜ ነግራኝ ነበር።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ በባጃጅ ከተማ ገባሁ። የጥገና ቤቱ ቴክኒሻን ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ተቃጥሏል አለኝ። የድሮው ዓይነት አይገኝም፣ የዚያው ፋብሪካ አዲስ ግን አለ፣ እንዲያውም ፈጣን ነው አለ። ቀይረው አልሁት። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ማዘርቦርዱ ይሠራል፤ ቀረጻው ያለባቸው ሃርድ ዲስኮች ግን ባዶ ናቸው አለኝ። ሁለቱን ዲስኮች በየተራ እየሰካ አሳየኝ። በሁለቱም ላይ ስክሪኑ ዲስኩ አልተዘጋጀም፣ ላዘጋጀው ወይ ብሎ ጠየቀ። ቴክኒሻኑ ያለውን ሁሉ ጠርጎ፣ ፎርማት አድርጎ፣ አዲስ ዊንዶውስ ሊጭንልኝ እጁን ማውሱ ላይ አሳረፈ።

«አትንካው» አልሁት።

ቦርዱን ምን እንዳገኘው ጠየቀኝና ስለ ጸበሉ ነገርሁት። ባልነግረው ይሻል ነበር።

«ታዲያ ተጠምቆ የለ እንዴ እናቴ፤ የነበረበት ሁሉ ተሰርዮለታል» አለና ሳቀ።

እኔንም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዋጥሁት። ፊቴን ሲያይ ለዘብ አለ። እሱ ራሱ ስንት ፎቶ እንደጠፋበት ነገረኝ። ከዚያ «እግዜር ያልፈቀደው ነገር ነው፣ ይተዉት» አለኝ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያልፈቀደውንና አንተ ያልሞከርኸውን አትቀላቅልብኝ።»

ዲስኮቹን ወደ ቦታቸው አስመልሼ ኮምፒውተሬን አቅፌ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኋቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝ። ደብተራቸውን ስበው አንዲት ቃል ጻፉ፤ «ተዪው» ትላለች።

ቁጣዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው። በቴክኒሻኑ እንኳ እንደዚያ አልተቆጣሁም። ሰው ድምፁን አንድ ጊዜ ይነጠቃል፤ ሁለተኛውን በዝምታ አላሳልፍም አልሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ።

ረቡዕ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ምንም ሳልቀምስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ አሰብሁ። ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ስትማር ይህን ኮምፒውተር የገጣጠመችልን እሷ ነች። ሁለቱ ዲስኮች እንደ አንድ ነው የሚሠሩት፣ የሚጻፈውን ሁሉ እየቆራረሱ ይካፈሉታል፣ ጥቂት እዚህ ጥቂት እዚያ ብላ አስረድታን ነበር። እኔ አልገባኝም። ባለቤቴ ግን ያን ጊዜ ድምፅ ነበራቸውና «እንደ ቀኝና ግራ ነዋ» አሏት። በማኅሌት ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ ቀኙ ይመራል፣ ግራው ይቀበላል። የአንዱን ረድፍ ብቻ የሰማ ሰው የሚሰማው የተቆራረጠ ነገር ነው።

ቴክኒሻኑ ሁለቱን በየተራ ነበር የሰካቸው።

«አንድ ረድፍ፣ አንድ ረድፍ ነው የሰማው» አልኋቸው ለባለቤቴ። «ቀኝና ግራ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

ልጃችን አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ደወልሁላትና የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ያን ሰሞን የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበረ ፎቶ አንሥቼ ልልክላት አልቻልሁም፤ ያለን ድምፅ ብቻ ነው። ለፋሲካ እስክትመጣ እንድጠብቅ ለመነችኝ። ፋሲካማ የጾሙ ማብቂያ ነው አልኋት። ይህን ስትሰማ ዲስኮቹ ሁለቱም መሰካታቸውን ጠየቀችኝ። ክዳኑን ገልጬ አየሁ፤ ተሰክተዋል።

«እማዬ፣ አዲሱ ቦርድ ሁለት ዲስክ ነው የሚያየው» አለች። «አንድ መሆናቸውን አንቺ ነሽ የምትነግሪው።»

ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ ዴሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግሜ መታሁ። ዊንዶውስ ሳይነሣ የሚመጣው የቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ወጣ። እንግሊዝኛዬ ፊደል ከመለየት አያልፍም። እያንዳንዱን መስመር ፊደል በፊደል አነብላታለሁ፣ እሷ «አይደለም፣ ወደ ታች ውረጂ» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ወደማይሆን ገጽ ገባሁና ሳላስቀምጥ ወጣሁ። በመጨረሻ ዲስኮቹ በምን ዓይነት መንገድ ይነበቡ የሚለውን መስመር አገኘን። ሌላ ተመርጦበት ነበር። ሁለቱን እንደ አንድ የሚያስነብበውን፣ ሬይድ የሚለውን መረጥሁ። ስክሪኑ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል።

«ቢጠፋስ እማዬ?»

«የጠፋው ጠፍቷል። እኔ የምፈልገው ያልጠፋውን ነው።»

አማተብሁና ተጫንሁት።

ስክሪኑ ጨለመ፣ ተመልሶ በራ። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ስም ሥር ተጽፈው ወጡ፣ አጠገባቸው ደህና መሆናቸውን የምትናገር አረንጓዴ ቃል። ያችን ቃል ፊደል በፊደል ሳነብላት ልጄ ስልኩ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ዊንዶውስ ቆይቶ ቆይቶ ተነሣ። ባለቤቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላዬ መቆማቸውን ያወቅሁት ወንበሬን ሲነኩ ነው። የመጀመሪያውን ቀረጻ ከፈትሁ። መጀመሪያ ከሐይቁ የጀልባ ሞተር ተሰማ። ከዚያ የእሳቸው ሳል። ከዚያ ድምፃቸው።

ተመስገን አልሁ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ምግብ ያቀረብሁት ዜማው ካለቀ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቀረጻውን ሁሉ በሁለት ፍላሽ ገለበጥሁ። አንዱን ለልጃችን የምልከው አድርጌ ጠቀለልሁ፣ አንዱን ከጾመ ድጓው መጽሐፍ ጋር ማኅደሩ ውስጥ አስቀመጥሁ። የኮምፒውተሩን ክዳን መለስሁና ብሎኖቹን እስኪያቅተኝ አጠበቅሁ። ነጠላዬን ለብሼ የንስሐ አባታችን ቤት ሄድሁ። ከጸበሉ ቀን ወዲህ አፍረው ደጃችንን አልረገጡም ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸውና መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

«አባቴ፣ ቤቱን ጸበል ይድገሙልን» አልኋቸው። «ጠረጴዛውንም እንዳያልፉት።»