ከመስኮቱ ይመጣ የነበረው «ይማርህ»

ጋሽ ዱባለ ሲያስነጥሱ አጥር ላይ ያረፈ ወፍ ይነሳል። ሱሉልታ ውስጥ ይህን የማያውቅ የሠፈር ሰው የለም። መስቀል አልፎ የሜዳው ሳር ማበብ ሲጀምር ደግሞ የእርሳቸው አፍንጫ ከሁሉም ቀድሞ ወሬውን ይሰማል። ጎረቤታቸው ኦቦ ኢቲቻ ከአጥር ማዶ ማጭዳቸውን እየሳሉ፣ «ዱባሌ ኮ ጀመረ፤ ሳሩ ደርሷል ማለት ነው!» እያሉ ይስቃሉ።

የሚያስቀው ግን እንጀራቸው ነው። ጋሽ ዱባለ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የድርቆሽ መኪና ሾፌር ነበሩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሳር የማይስማማው ሰው ሳር ጭኖ የእንጦጦን ቁልቁለት እያስነጠሰ ሲወርድ ኖረ።

መጀመሪያ ላይማ ምች ነው ተባለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ፣ ያኔ ገና ሙሽራ ሳሉ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር አንዲት የዳማከሴ ችግኝ ተከሉ። ቅጠሏን እየጨመቁ አፍንጫቸውን ይቀቧቸው ነበር። ምች የተባለው አልለቀቀም፤ ዳማከሴዋ ግን ጸደቀች። ብቻዋን እንዳትሆን ጎኗ ጤና አዳም ተተከለ፤ ቦታ ተረፈ ተብሎ ጎመን፣ ጎመን ካለማ ተብሎ ነጭ ሽንኩርት፣ በመጨረሻም ኮክ። እንዲህ እንዲህ እያለ ባልና ሚስቱ ሳያስቡት ጓሮ አወጡ፤ ከጓሮው ጋርም ፍቅር ያዛቸው።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም፣ «አለርጂክ ነው። የሳር አበባ ብናኝ አይስማማዎትም፤ ከሳር ይራቁ» አላቸው። ሱሉልታ ተቀምጦ ከሳር መራቅ! ወይዘሮ አጸደ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ግን ሕግ አወጡ። ነፋስ ባለበት ቀን ጓሮ የለም። ካፊያ ምድሩን ካረጠበው በኋላ፣ አፍንጫ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ይቻላል። ሲገቡ የጓሮ ልብስ በር ላይ ይወልቃል።

ያም ሆኖ ማስነጠሱ ጨርሶ አልቀረም። ጋሽ ዱባለ ጎመን መሃል ጎንበስ ብለው ሲያስነጥሱ ከመስኮቱ «ይማርህ!» ይመጣል። «ያኑርሽ!» ይላሉ እሳቸው ቀና ሳይሉ። ደግሞ ያስነጥሳሉ፤ ደግሞ «ይማርህ!»። ሲደጋገምባቸው ወይዘሮ አጸደ አንገታቸውን በመስኮቱ ያወጡና፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አሁንስ መድኃኔዓለምም ሰለቸው!» ይላሉ። ደግ ዘመን ነበር።

ወይዘሮ አጸደ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ቡራዩ ትኖር የነበረችው ልጃቸው ኢየሩስ ቤቷን ለቃ አባቷ ዘንድ ገባች። ዘንድሮ ሳሩ ሲያብብ ጋሽ ዱባለ ትንፋሽ አጥሯቸው ሐኪም ቤት ደረሱ። ሲመለሱ ልጅቱ ቁርጧን ተናገረች።

«አባዬ፣ ጓሮው በሙሉ ሊሾ ይደረጋል። እናቴን ቀብሬያለሁ፤ አንተን ደግሞ ለጎመን ብዬ አልቀብርም።»

ጋሽ ዱባለ ነገሩ የጎመን እንዳልሆነ እንዴት ብለው ይንገሯት? ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለልጁ መናገር ያፍራል። «እንዳልሽ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኞች መጡ፤ አሸዋና ሲሚንቶው በር ላይ ተራገፈ። ጋሽ ዱባለ ጓሯቸውን ሊሰናበቱ ወጡ፤ ፎጣቸውን እንኳ አልያዙም። ኢየሩስ ይህን ከወጥ ቤት አይታ ተናደደች። ፎጣውን አንስታ በመስኮቱ ልትጮህባቸው ስትል፣ አባቷ ከዳማከሴዋ አጠገብ አስነጠሱ።

ከዚያ ቆሙ። የሆነ ድምፅ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ማንም «ይማርህ» ሳይላቸው፣ በዝግታ «ያኑርሽ» አሉ።

ኢየሩስ ፎጣውን እንደያዘች ቀረች። የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። አባቷ የሙጥኝ ያሉት ምን እንደሆነ አሁን ገባት፤ እሷ ደግሞ ሲሚንቶ ልታፈስበት ነው።

ወደ በር ሄዳ ሠራተኞቹን፣ «አጥሩ ሥር ያለውን ሳር ብቻ ነቅላችሁ እሱን ሊሾ አድርጉልኝ፤ አትክልቱን እንዳትነኩ» አለቻቸው። ተመልሳ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ጋሽ ዱባለ እንደገና አስነጠሱ።

«ይማርህ!» አለች፣ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ።

ጋሽ ዱባለ ቀና አሉ። ስንት ዘመን ያንን መልስ ጎንበስ እንዳሉ፣ ሳያስቡት፣ ለአጸደ ሲወረውሩት ኖረው ነበር። አሁን ግን ወደ መስኮቱ ዞረው ልጃቸውን አዩዋት፤ ዓይናቸው ያነባው በሳሩ ብቻ አልነበረም።

«ያኑርሽ» አሉ፣ ከልባቸው እየለመኑ። «ያኑርሽ፣ ልጄ።»