ሽማግሌው ቃሪያ

ዛሬ አባዬ ቃሪያ ስሎ ስሎ፣ ቃሪያውን በሰላምታ ቀበረው!

እኛ ባለንበት ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት፣ ፖስት ካርድ ላይ አትክልት ስሎ፣ ከጎኑ ሁለት ሦስት ቃል ጽፎ ለሰው መላክ ያስተምራሉ። "ባያምርም ግድ የለም" ይላሉ። አባዬ ቤት ተቀምጦ ሲነጫነጭብኝ ይዤው ሄድኩ።

ቃሪያውን ሳለና "ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን..." ብሎ ጀመረ። ለማን እንደሚጽፍ እንኳ ሳላውቅ "ልጄም ሰላም ትልሃለች" አለልኝ። ቦታው ሲያልቅበት ቃሪያው ላይ ቀጠለ።

ሴትየዋ እየሳቁ ሌላ ካርድ ሰጡት። እንደገና ስሎ "ቃሪያ ነው" ብቻ ብሎ ጻፈ። (ደግ አደረገ፤ ካልተነገረ ማንም አያውቀውም።)

አድራሻውን ሳይ ደነገጥኩ። ጎረቤት ከተማ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ነው! ከተኳረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ስንት ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም።

"አባዬ፣ ቅርብ እኮ ነው። አሁኑኑ ድራይቭ አድርጌ ላድርስህ?"

"ተይ፣ መጀመሪያ ቃሪያው ይቅደም።"

እናንተስ፣ ሽማግሌ ላቃተው ኩርፊያ ምን ልካችሁ ታውቃላችሁ? ቶሎ ንገሩኝ፤ ቃሪያው ካልሆነለት ሽንኩርት እናስከትላለን።