የመስኮቱ ዳር

ዛሬ ጠዋት የልጄ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጬ የመስኮቱን ዳር መያዝ አቃተኝ። ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን መስኮት አይደለም የምልህ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጽሑፍ የሚከፈትበትን ነው። ላጥብበው ብዬ የማውሷን ቀስት ወደ ዳሩ እወስዳለሁ፤ አልፋው ትሄዳለች። እመልሳታለሁ፤ ከኋላ ያለውን ትነካብኛለች። ዳሩ ከፀጉር ይቀጥናል።

«አባ፣ ቀስ ብለህ እኮ ነው» አለችኝ ልጄ ከበሩ ላይ ሆና።

ቀስ ብዬ! ይሄ ጣት የቡና ጆንያ ሲጎትት የኖረ ጣት ነው። ላፕቶፑ ሲሞቅ የሚሸተው የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የድሮው ንዴቴም አብሮት ተነሳ።

መቱ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው፤ መቱ ደግሞ መቼ ያባራል! እኔ ያኔ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ጢም አውጥቻለሁ፣ ትዳር ይዣለሁ፣ ፊደል ግን አላውቅም። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከሰሜን መጥተው ጫካ ሲመነጥሩ እኔን ትምህርት ቤት ላስገባ ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ፈርም ስባል አውራ ጣቴን ነበር የምዘረጋው።

አንድ ቀን የወረቀት ካርቶን ተሸክሜ ገብቼ ሳወርድ ጸሐፊዋ «ማነው ስምህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጻፉትና ስክሪኑን አዞሩልኝ። «ይኸውልህ፣ ይሄ አንተ ነህ።» ደስ ይለዋል ብለው ነበር። እኔ ግን አፈርኩ።

በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ነበሩ፤ በታይፕ መኪና ዘመን የጀመሩ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ቁልፎቹን ሲመቱ ብዙም አያስቸግራቸውም፤ ማውስ ሲይዙ ነው የሚብስባቸው። ኮምፒውተሩ ግን አሮጌ ስለነበር የመስኮቱ ዳር ግራጫና ወፍራም ነበር። ለእሳቸው እጅም፣ ለእኔ ጣትም ይበቃል።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲሳሳ ያስተምሩኝ ጀመር። አንድ ጽሑፍ ይከፍቱና የመስኮቱን ዳር ይዘው ወደ ውስጥ ይገፉታል። መስመሩ ይሰበራል፤ እየጠበበ፣ እየተሰበረ ሄዶ በየመስመሩ አንድ ቃል ብቻ ይቀራል። «አንድ ቃል እንግዲህ አያስፈራህም፤ ትልቅ ሰው አይደለህ?» ይሉኝ ነበር። ስለምደው ትንሽ ያሰፉታል፤ ሌላ ቃል ይጨመራል። በኋላማ እጄን በእጃቸው ሸፍነው ራሴን ያስጎትቱኝ ጀመር። እጃቸው የቀለምና የሳሙና ሽታ ነበረው። መንቀጥቀጡ ክንዴ ድረስ ይሰማኛል። አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ከዚያ ማሳመር የሚባለው ነገር መጣ።

የቤቱ ባለቤት ከደቡብ የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አዲስ ነገር ይወዳል እንጂ። አዲስ ኮምፒውተር ገዛ፤ ከጅማ ቴክኒሻን አስመጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያምር ነበር። ስክሪኑ እንደ ሶር ፏፏቴ ውኃ ያበራል፤ ያ ግራጫ ዳር የለም። ጸሐፊዋ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው ፈለጉት።

«ዳሩ የታለ?»

«አለ እትዬ፤ ስለቀጠነ ነው። ወፍራሙ እኮ ያስጠላል። ይለምዱታል።»

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጆንያ ሲሰፋ ከጥጉ ላይ ጆሮ የሚተዉለት ለምን ይመስልሃል? ለጌጥ ነው? እጅ እንዲይዘው ነው!» አልኩት።

«ይሄ ጆንያ አይደለም፣ ወንድሜ» ብሎ ሳቀ። ባለቤቱም ሳቀ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጎረቤታሞች ከዳሪሙ ወረዳ በእግር መጡ። አንዱ ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬ፣ ሌላው እንደኔ የሰፋሪ ልጅ። የቡና መሬታቸውን ወሰን ተስማምተው ውሉን በሁለቱም ቋንቋ ሊያጽፉ ነው። ጸሐፊዋ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሠሩበት መንገድ ነበራቸው። ኦሮምኛውን በአንድ መስኮት፣ አማርኛውን በሌላው ከፍተው ጎን ለጎን እኩል ያደርጓቸዋል። እኩል መሆን አለበት፤ የአንዱ ሰፍቶ የሌላው ከጠበበ ነገር ይነሳል። ከዚያ ሁለቱንም እያነበቡ ያሰማሉ፤ ሰዎቹ ማንበብ ባይችሉም እኩልነቱን በዓይናቸው ያዩታል።

የዚያን ቀን አማርኛው ከኋላ ስክሪኑን ሞልቶ ነበር፣ ኦሮምኛው ከፊት። ሊያስተካክሉ የኦሮምኛውን ዳር ፈለጉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዳሩን ሳተና የኋላውን ነካ። አማርኛው ወደ ፊት ወጣ፤ ኦሮምኛው ከሥሩ ተሸፈነ።

ገበሬው ከወንበሩ ተነሳ። «ባዴ! ከን ኮ ባዴ!» የኔው ጠፋ ማለቱ ነው። ወደ ጎረቤቱ ዞረ። «ያንተ ብቻ ነው የሚቀረው?»

«እኔ ምን አደረግኩ? እዚሁ አብሬህ ተቀምጬ!»

«ጂራ፣ ጂራ፤ አለ፣ አልጠፋም» አሉ ጸሐፊዋ፤ ደንግጠዋል። በድንጋጤ እጃቸው ባሰባቸው። እንደምንም ብለው መለሱት፤ ሰውዬው ግን ስክሪኑን አላየም። እጃቸውን ነበር የሚያየው።

«እውነት ከሆነ እጅዎ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

ዶማ ሲዋዋሱ የኖሩ ሰዎች ሳይፈርሙ ወጡ፤ አንዱ ፊት፣ ሌላው ኋላ። ጸሐፊዋ እጃቸውን ጠረጴዛው ሥር ደበቁት። ይሄን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ። እድሜ ልካቸውን የሰው ጉዳይ ሳያዛንፉ የጻፉ ሴት፣ ለአንድ ቀጭን መስመር ሲባል አጭበርባሪ መሰሉ!

«ጋሼ፣ የድሮውን ይመልሱላቸው» አልኩት ባለቤቱን።

«ደንበኛ አሮጌ ነገር ሲያይ ይሸሻል» አለኝ። ለእሳቸውም «እትዬ፣ ትንሽ ይረፉ» አላቸው። ትንሽ ይረፉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በማግስቱ ቴክኒሻኑ ወንበራቸው ላይ ነበር።

ወደ ኡካ ከተማ፣ እህታቸው ዘንድ የሄዱ ዕለት ሻንጣቸውን መናኸሪያ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

«የት ደርሰን ነበር?» አሉኝ።

«ግማሽ መስመር፣ እትዬ።»

«ሌላውን ግማሽ እንግዲህ ራስህ ጎትተው።»

ጎተትኩት፤ በማታ ትምህርት፣ ጆንያ ያጎበጠውን ወገቤን ይዤ። ሙሉ መስመር ማንበብ ስጀምር ኡካ ሄጄ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ፣ እኔ ባነበብኩ ቁጥር፣ የመስኮቱን ዳር እንደያዘ ሁሉ ወደ ውጭ ትንሽ ትንሽ ይሳብ ነበር። ቶሎ ቶሎ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

ልጄ «ወፍራም ዳር እኮ ያስጠላል፣ አባ» አለችኝ ዛሬ፤ ልክ እንደዚያ ቴክኒሻን። ለማን ነው የሚያስጠላው? ለሚያየው ወይስ ለሚይዘው? እሷስ ምንም አላጠፋች።

ከወጣች በኋላ ዳሩን ያዝኩት። ላብ አጥምቆኝ፣ ግን ያዝኩት። ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ አንድ ቃል እስኪቀር ላጠብበው፣ እንደ እሳቸው። መስመሩ ተሰበረ፤ እንደገና ተሰበረ። ከዚያ መስኮቱ ቆመ። ብገፋው፣ ብገፋው፣ ከዚያ በላይ አልጠብም አለኝ። በየመስመሩ ገና ብዙ ቃል አለ።

ሠሪዎቹ አንድ ቃል ብቻ የሚያነብ ሰው አለ ብለው አላሰቡም። እጄን ማውሱ ላይ እንዳደረግኩ ቆየሁ። እጄ ጸጥ ብሏል፤ ከላዩ ሆኖ የሚያንቀጠቅጠው የእሳቸው እጅ የለም።